ከኮረም እስከ ሒሮሺማ

በዘጌ ልሳነ ምድር የምትገኘውን የዑራ ኪዳነ ምሕረትን ቤተ ክርስቲያን የተሳለመ ሰው፣ የመቅደሷ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በሥዕል ተሸፍኖ ያገኘዋል። ሥዕሉ እንዲያው ለጌጥ የተበተነ አይደለም። ቅዱሱ ሲወለድ፣ ሲፈተን፣ ድውይ ሲፈውስ፣ መከራ ሲቀበል፣ በመጨረሻም ሲያርፍ በየተራው ተሥሎ ይታያል። ፊደል ያልቆጠረው ገበሬ ቀና ብሎ በዐይኑ ይከተለዋል፤ ካህኑም በመቋሚያው ጫፍ እያመለከተ ይተርክለታል። ስለዚህ የአንድን ሰው ሕይወት በዐይን እንዲታይ አድርጎ ለሕዝብ ማቅረብ ለጣና ዳር ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ሲኒማ የሚባለው ጥበብ ወደ ባሕር ዳር ከመድረሱ ብዙ ዘመን አስቀድሞ፣ ሕዝቡ የሕይወት ታሪክን ከግድግዳ ላይ ያነብ ነበር።

ይህን ማንሣታችን ያለ ምክንያት አይደለም። ጃፓኖች እ.ኤ.አ. በ2010 «ዡኖ» የተባለ ፊልም ሠርተዋል። ፊልሙ የስዊሱን ሐኪም የዶክተር ማርሴል ዡኖን ሕይወት የሚተርክ ሲሆን፣ ተዋናይ በካሜራ ፊት ቆሞ የሚጫወትበት ሳይሆን፣ እንደ ዑራው ግድግዳ በሥዕል የተሠራ ነው። እኚህ ሐኪም በጃፓን የሚታወቁት፣ የአቶም ቦምብ ከወደቀባት በኋላ መድኃኒት ይዘው ወደ ሒሮሺማ የገቡ የመጀመሪያው የውጭ አገር ሐኪም በመሆናቸው ነው። ከተማይቱም ስማቸውን አልረሳችም፤ እ.ኤ.አ. በ1979 በሰላም መናፈሻዋ የመታሰቢያ ድንጋይ አቁማላቸዋለች። ነገር ግን የዚህ ሕይወት ትልቁ የመጀመሪያ ምዕራፍ የተጻፈው በጃፓን አይደለም፤ በእኛው አገር ነው። ብዕር ያነሣነውም የጃፓኖቹን ሥራ ለመተቸት ሳይሆን፣ ያንን ምዕራፍ በእኛ በኩል ቆመን ለማየት ነው።

ሐኪም ሆኖ የኑክሌርን መሣሪያ ስለ ተቃወመ ሰው ሲነሣ፣ ብዙው አንባቢ የሚያስበው ዶክተር አልበርት ሽቫይትዘርን ነው። በጋቦን አገር በላምባሬኔ ሆስፒታል አቁመው ጥቁሩን ሕዝብ ያከሙት እኚህ ሰው፣ የ1952ን የኖቤል የሰላም ሽልማት ተቀብለዋል። እ.ኤ.አ. በ1957 በኦስሎ ራዲዮ አማካይነት የኑክሌር ሙከራ እንዲቆም ለዓለም ጥሪ አድርገዋል፤ በዚያው ዓመት ስለ እሳቸው የወጣውም ዘጋቢ ፊልም የኦስካርን ሽልማት አግኝቷል። ክብሩ ይገባቸዋል፤ እኛም አንነፍጋቸውም። ዳሩ ግን ሽቫይትዘር የተናገሩት ሳይንቲስቶች ጽፈው ያነበቡትን አስበው ነው። ዡኖ ግን በዐይናቸው ያዩት ሰው ናቸው፤ ያውም ሁለት ጊዜ፣ በሁለት አገር፣ በሁለት ዐይነት መሣሪያ። ማንበብና ማየት የተለያዩ መሆናቸውን በመዝገብ ቤት የሠራ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

ዶክተር ዡኖ እ.ኤ.አ. በ1904 በስዊስ አገር በኑሻቴል ከአንድ ቄስ ቤት ተወለዱ። በጄኔቭ ሕክምና ተምረው፣ በፈረንሳይ አገር በሙሉዝ ከተማ ሆስፒታል የቀዶ ሕክምና ሲሠሩ ሳሉ፣ የዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ወደ ኢትዮጵያ እንዲሄዱ ጠየቃቸው። ያን ጊዜ ገና የ31 ዓመት ሰው ነበሩ። ሲድኒ ብራውን ከሚባለው ጓዳቸው ጋር በ1928 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት አዲስ አበባ ሲደርሱ፣ የኢጣልያ ጦር መረብን ተሻግሯል። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም. የተቋቋመ የጥቂት ወራት ሕፃን ነበር። በዘመናዊ ትምህርት የሠለጠነ ኢትዮጵያዊ ሐኪም እጅግ ጥቂት በነበረበት በዚያ ዘመን፣ ከሁሉ ይልቅ ስማቸው የታወቀው ሐኪም ወርቅነህ እሸቴም በለንደን የአገራቸው መልእክተኛ ሆነው ተቀምጠው ነበር። ስለዚህ ከስዊድን፣ ከኖርዌይ፣ ከእንግሊዝ፣ ከሆላንድ፣ ከፊንላንድና ከግብፅ የመጡት የቀይ መስቀልና የቀይ ጨረቃ ጓዶች የጦሩ ሐኪሞች ሆኑ። የሁለቱ ስዊሶች ሥራ ይህን ከየአገሩ የተሰበሰበ እርዳታ ከማኅበሩ ጋር ማገናኘት ነበር።

ወደ ኮረም ከመሄዳችን በፊት ግን በጎጃም በኩል ማለፍ ይገባናል፤ የመርዙ ዝናብ የወረደው አስቀድሞ በጎጃም ልጆች ላይ ነውና።

የጎጃም ገዥ የነበሩት ልዑል ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ የጠቅላይ ግዛቱን ጦር ይዘው፣ በጌምድርን አቋርጠው፣ ወደ ሽሬ ግንባር ዘመቱ። ከዘማቹ ውስጥ ከጣና ዳር መንደሮች በሬውን ከቀንበር ፈትቶ፣ ታንኳውን ለወንድሙ ሰጥቶ የተነሣ ብዙ ነበር። ታኅሣሥ 13 ቀን 1928 ዓ.ም. ተከዜ ዳር ሳሉ አውሮፕላኖች መጡ። ራስ እምሩ ራሳቸው ከብዙ ዓመት በኋላ እንደ መሰከሩት፣ በዚያን ቀን የወደቀው እንደ ለመዱት ቦምብ የሚፈነዳ አልነበረም። መሬት ሲነካ የሚሰበርና ቀለም የሌለው ፈሳሽ የሚረጭ፣ በርሜል የሚመስል ነገር ነበር። ኢጣልያኖች በዚያ ጦርነት የተጠቀሙበት ዋናው የመርዝ ቦምብ ከ200 ኪሎ በላይ ኢፔሪት የሚይዝ ሲሆን፣ ከምድር 250 ሜትር ያኽል ከፍ ብሎ በአየር ላይ እየፈነዳ መርዙን እንደ ጠል ያወርደው ነበር።

ኢፔሪት ስሙ ጋዝ ይባል እንጂ፣ እንደ ጢስ ተንኖ ወዲያው የሚጠፋ አይደለም። ቅባትነት ያለው ፈሳሽ ነው፤ ሽታው ሰናፍጭን ይመስላል፤ በሣርና በቅጠል ላይ ለቀናት ይቆያል። የነካው ሰው በነካው ጊዜ አያመውም። ከሰዓታት በኋላ ቆዳው ይቀላል፣ ውሃ ይቋጥራል፣ ይላጣል። ዐይን ውስጥ ሲገባ ያሳውራል፤ የተነፈሰውም ሰው ደረቱ ይቃጠላል። በአውሮፓ የመጀመሪያ ጦርነት ቦት ጫማና ጭምብል የነበረውን ወታደር ይህን ያኽል ካሠቃየ፣ በባዶ እግሩ ሣር ለሣር የሚሄደውን፣ ከሸማው በቀር ሌላ መከለያ የሌለውን የጎጃም ዘማች ምን እንዳደረገው ለመገመት ሐኪም መሆን አያሻም።

በባሕር ዳር በሰፈራችን አንዲት እማሆይ ነበሩ። ዕድሜያቸው ከዘጠና አልፎ ነበር። አባታቸው ከራስ እምሩ ጋር ዘምተው የተመለሱ ሰው ስለ ነበሩ፣ አንድ ቀን ስለዚያ ነገር ጠየቅናቸው።

«እናንተ የተማራችሁት ጋዝ ትሉታላችሁ፣ ልጄ» አሉን። «አባቴ ግን ‹ያ ካፊያ› ነበር የሚለው። በታኅሣሥ ካፊያ!»

ይህ የእማሆይ ቃል ከብዙ መጽሐፍ የበለጠ አስተምሮናል። በእኛ አገር ታኅሣሥ የመኸር ወር ነው፤ እህል በአውድማ የሚወቃበት፣ ሰማዩ እንደ ታጠበ ብርሌ የሚጠራበት ጊዜ ነው። ገበሬ በታኅሣሥ ካፊያ ቢያይ ለነዶው ይሰጋል እንጂ ለቆዳው አይሰጋም። አባታቸውም ሲያቃጥላቸው ወደ ወንዙ ወርደው ሊታጠቡ ቢሉ፣ ውሃ ዳሩ ሣር ሁሉ ያንኑ ጠል ተሸክሞ ቆያቸው። ከጉልበታቸው በታች ያለው ቆዳ ዳግመኛ እንደ ቀድሞው አልሆነም፤ በየክረምቱ ጭቃ ሲረግጡ ጠባሳው ይቆስል ነበር። በታንኳ ወደ ዘጌ እየተሻገሩ ጠበል ይጠመቁ ነበር። «ቁስሉን ያየላቸው ሐኪም ማን ነበር?» ብንላቸው፣ «እግዜር» ብለው ዝም አሉ።

እንግዲህ ወደ ዶክተር ዡኖ እንመለስ። በመጋቢት ወር 1928 ዓ.ም. ከስዊድናዊው አብራሪ ከካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ጋር በቀይ መስቀል አውሮፕላን ወደ ሰሜን ግንባር፣ ወደ ኮረም በረሩ። ከዚያ ቀደም ብሎ በታኅሣሥ 20 ቀን የስዊድን አምቡላንስ በመልካ ዲዳ በቦምብ ተደብድቦ ብዙ በሽተኞች አልቀዋል። በየካቲት ወር ደግሞ በዶክተር ጆን ሜሊ የሚመራው የእንግሊዝ አምቡላንስ በኮረም አካባቢ ተመትቷል። ትልቅ ቀይ መስቀል የተሣለበት የዡኖ አውሮፕላንም በኮረም ሜዳ ላይ ቆሞ ሳለ የኢጣልያ አውሮፕላኖች አጋዩት። ሐኪሙ መመለሻቸው ሲቃጠል እያዩ በምድር ቀሩ። በዚያው በኮረም አካባቢ ነው በኢፔሪት የተቃጠሉትን ሰዎች ያገኟቸው። በእግራቸው ለመሄድ የተሳናቸው፣ ዐይናቸው የተዘጋ፣ ቆዳቸው ከላያቸው የተገፈፈ ብዙ ሰዎች ነበሩ። ለሁሉ የሚበቃ ቅባትና ፋሻ ግን አልነበረም።

ዶክተር ዡኖ እ.ኤ.አ. በ1947 «ሦስተኛው ተዋጊ» በሚል ርእስ ባሳተሙት መጽሐፍ ይህን ሁሉ ተርከዋል። ሦስተኛው ተዋጊ ያሉት፣ ከሁለቱ ጠበኞች ሌላ፣ ያለ መሣሪያ በጦር ሜዳ የሚቆመውን ሰው ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ቁስለኞቹ እየደጋገሙ ይጮኹት የነበረውን አንድ የአማርኛ ቃል በላቲን ፊደል እንደ ሰሙት አስቀምጠውታል። ቃሉ «አቤት» የሚል ነው። ለአውሮፓ አንባቢም የምሕረት ልመና መሆኑን ገልጸውለታል።

ፍቺው ስሕተት ነው አንልም። ነገር ግን ጎዶሎ ነው። «አቤት» በእኛ አገር የበሽተኛ ቃል ብቻ አይደለም፤ የባለ ጉዳይ ቃል ነው። የተበደለ ሰው ንጉሥ በሚያልፍበት መንገድ ዳር ቆሞ፣ ዳኛ በተቀመጠበት ዛፍ ሥር ወድቆ፣ ሸማውን አደግድጎ የሚጮኸው ይህንኑ ነው። «እዘንልኝ» ከማለት አልፎ «ስማኝ፣ ፍረድልኝ» ማለት ነው። ከዚሁ ቃል «አቤቱታ» የሚለውን አወጣን። ሐኪሙ የሰሙት የቁስለኛ ልቅሶ መስሏቸው ይሆናል፤ በኮረም ሜዳ የወደቁት ሰዎች ግን ክስ እያቀረቡ ነበር። ይህን ታሪክ ለእማሆይ ስንነግራቸው፣ ስለ አውሮፕላኑም ሆነ ስለ ፈረንጁ አልጠየቁንም።

«ለማን ነው አቤት ያሉት?» አሉን።

ጥያቄው ያለ መልስ የሚተው አይደለም። በቅርብ የነበሩት ዳኛ ዶክተር ዡኖ ናቸው፤ እሳቸውም ያዩትን ለጄኔቭ አስታውቀዋል። የመርዝ ጋዝን የሚከለክለው የጄኔቭ ስምምነት የተፈረመው በ1917 ዓ.ም. ሲሆን፣ ኢጣልያ በ1920 ዓ.ም. አጽድቃዋለች፤ ኢትዮጵያም በመስከረም ወር 1928 ዓ.ም. ገብታበታለች። ስለዚህ ሕጉ ነበረ፤ ከሳሽ ነበረ፤ ምስክርም ነበረ። በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር የመንግሥታት ማኅበር ስለ መርዙ ያለውን ማስረጃ እንዲሰጥ የቀይ መስቀሉን ኮሚቴ ቢጠይቀው፣ ኮሚቴው ገለልተኛነቱን ምክንያት አድርጎ እምቢ አለ።

የኮሚቴው ክርክር ባዶ ነው አንልም። ቀይ መስቀል በጠበኞች መካከል መግባት የሚችለው ምስክር ሆኖ እንዳይቀርብ ስለሚታመን ነው፤ ዛሬ በአንዱ ላይ ከመሰከረ፣ ነገ ያ መንግሥት የእስረኞቹን በር ይዘጋበታል። ይህን የሚል ሰው አላዋቂ አይደለም። ቢሆንም በ250 ሜትር ከፍታ መርዝ በሚረጨውና በባዶ እግሩ በሚሄደው ሰው መካከል ገለልተኛ የሚሆኑበት ቦታ የት እንደ ሆነ አይታየንም። እኛ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ስንሠራ የለመድነው አንድ ነገር አለ፤ አቤቱታ ከቀረበ፣ ጥሩም ሆነ መጥፎ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ወደሚመለከተው ይመራል። ቁጥር ተሰጥቶት ሳይመራ የሚቀር አቤቱታ ካልቀረበ የከፋ ነው፤ ባለ ጉዳዩ ተሰምቻለሁ ብሎ ደጅ ይጠናልና። የኮረም አቤቱታ የደረሰበት እንዲህ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጄኔቭ ሸንጎ ፊት ቆመው ስለ መርዙ ተናገሩ፤ ሸንጎው ሰማ፤ ተነሣ። የኢጣልያ መከላከያ ሚኒስቴር በመርዝ ጋዝ መጠቀማቸውን በግልጽ ያመነው በ1988 ዓ.ም. ነው። እስከዚያ ድረስ የእማሆይ አባት «ካፊያ» ሲሉ ኖረው፣ ካረፉም ብዙ ዘመን ሆኗቸው ነበር።

ዶክተር ዡኖ ከአዲስ አበባ መውደቅ በኋላ ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ ግን ወደ ሙሉዝ ሆስፒታል አልተመለሱም። የስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ተነሣና እስረኛ ሲያስለውጡ ከረሙ። ከዚያም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመንን የምርኮኞች ሰፈር ሲጎበኙ፣ ለተራበው ለግሪክ ሕዝብ እህል ሲያስገቡ ቆዩ። ይህን ዘመን ፊልም ሠሪ ቢፈልግ ብቻውን ሦስት ፊልም ያወጣበታል፤ እኛ ግን እናልፈዋለን።

በ1937 ዓ.ም. ክረምት በሶቪየት ኅብረትና በማንቹሪያ በኩል ወደ ጃፓን ተጓዙ። ሐምሌ 30 ቀን የአቶም ቦምብ ሒሮሺማ ላይ ወደቀ። ዡኖ ቶኪዮ የደረሱት ነሐሴ 3 ቀን ነው፤ ሁለተኛው ቦምብ ናጋሳኪን ያጠፋው በዚያው ቀን ነው። የሄዱት ምርኮኞችን ለመጎብኘት ነበርና፣ ስለ ሒሮሺማ እርግጡን ያወቁት በነሐሴ መጨረሻ ነው። ፍሪትስ ቢልፊንገር የተባለው የኮሚቴው ባልደረባ ወደ ከተማይቱ ገብቶ ባደረሳቸው ቴሌግራም፣ ከከተማይቱ ከመቶ ሰማንያው እጅ መጥፋቱን፣ ሆስፒታሎቹ መፍረሳቸውን፣ መድኃኒት አለመኖሩን፣ ደኅና የሆኑ የሚመስሉ ሰዎችም በድንገት እየታመሙ መሞታቸውን ገለጸ።

በዚህ ላይ ነው የኮረሙ ሐኪም የታዩት። ቴሌግራሙን ፋይል ውስጥ አላስቀመጡትም፤ የጉዳቱን ፎቶግራፎች ጨምረው በጃፓን ወደ ሰፈረው ወደ አሜሪካኖች ጠቅላይ ጦር ሰፈር ይዘው ሄዱና እርዳታ ጠየቁ። ቦምቡን የጣለው መንግሥት ሹማምንት ናቸው፤ መድኃኒቱም ያለው በእነሱ እጅ ነው። አሥራ አምስት ቶን መድኃኒትና የሕክምና ዕቃ ተሰጣቸው። ጳጉሜን 3 ቀን 1937 ዓ.ም.፣ ለእኛ አዲስ ዓመት ሊገባ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ከአሜሪካ የምርመራ ጓድና ከጃፓናዊው የጨረር ሊቅ ከፕሮፌሰር ማሳኦ ጹዙኪ ጋር ሒሮሺማ ገቡ። በዚያ ያገኙትን ሲመዘግቡ፣ ከከተማይቱ 300 ሐኪሞች 270ው፣ ከ1,780 ነርሶችም 1,654ቱ ሞተው ወይም ቆስለው እንደ ነበር ጽፈዋል። አንድ ከተማ ቢቃጠል ከሌላ ሰፈር ሐኪም ይመጣል፤ ይህ መሣሪያ ግን ቁስለኛውንና አካሚውን በአንድ ቅጽበት አብሮ ይጥላል። ሐኪም ሁሉ ይህን መሣሪያ ሊቃወም የሚገባበት ምክንያት ከዚህ ቁጥር ውስጥ ተጽፏል ብንል ያጋነንን አይመስለንም።

እሳቱን ማንም ያየዋል። የሚያስደነግጠው ከእሳቱ በኋላ ያለው ነው። አንዳችም ቁስል ያልነበረው ሰው ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በኋላ ጠጉሩ ይረግፋል፣ ድዱ ይደማል፣ ይሞታል። በዚያን ቀን ከቦምቡ ቀጥሎ በከተማይቱ ላይ ጥቁር ዝናብ ዘንቦ ነበር፤ ውሃ የጠማቸው ቁስለኞች ጠጥተውታል። ሲነካ የማያም፣ ውሎ አድሮ የሚገድል ነገር ምን እንደ ሆነ ለዶክተር ዡኖ ማንም ማስረዳት አላስፈለገውም። የእማሆይ አባት ቢሆኑ «ካፊያ» ይሉት ነበር።

ስለ ሒሮሺማ በጻፉት ዘገባ ዶክተር ዡኖ፣ ያንን ያየ ሰው ዓለም በመኖርና በመጥፋት መካከል ቆማ መምረጥ እንዳለባት አይጠራጠርም ብለዋል። የቀይ መስቀሉም ኮሚቴ በዚያው ነሐሴ 30 ቀን 1937 ዓ.ም. ለየአገሩ ማኅበራት በላከው ደብዳቤ ስለ አዲሱ መሣሪያ የተሰማውን ሥጋት አስታወቀ፤ እ.ኤ.አ. በ1950ም መሣሪያው እንዲከለከል ለመንግሥታት ሁሉ ጥሪ አቀረበ። በ1928 ዝም ያለው ይኸው ኮሚቴ መሆኑን ስናስብ፣ መንገዱ ረጅም እንደ ነበረ እናያለን። ዡኖም እ.ኤ.አ. ከ1952 ጀምሮ የኮሚቴው አባል፣ ኋላም ምክትል ፕሬዚዳንት ሆነዋል። በመጨረሻው ዕድሜያቸው ጤናቸው ታውኮ ቆሞ መቅደድ ስላቃታቸው፣ ሙያቸውን ለውጠው በጄኔቭ ሆስፒታል የማደንዘዣ ሐኪም ሆኑ። ከዚህ ብዙ ትርጉም ማውጣት አንፈልግም፤ ሆኖም በኮረም ያን ሁሉ ጩኸት የሰማ ሰው በሽተኛ የማይጮኽበትን ሙያ መያዙ ለፊልም ሠሪ የሚተው ነገር አይመስለንም።

ይህን ታሪክ በእኛ አገር ሰው የሚሠራው ቢኖር፣ እኛ በስዊስ አገር አንጀምረውም። ሲኒማችን እንዲህ ያለውን ጉዳይ የሚሸከም ትከሻ እንዳለው ኃይሌ ገሪማ አሳይቶናል፤ እ.ኤ.አ. በ1999 «አድዋ»ን ሠራ፤ በ2008ም በጀርመን አገር ሕክምና ነክ ምርምር ተምሮ ወደ መንደሩ ስለ ተመለሰ ሰው የሚናገረውን «ጤዛ»ን ሠርቶ፣ በተከታዩ ዓመት በዋጋዱጉ የአፍሪካ ፊልም በዓል ታላቁን ሽልማት ወሰደ። የእኛ ፊልም የሚጀምረው ከጣና ዳር ነው፤ ሰውዬው ታንኳውን ለወንድሙ ሲሰጥ። ከዚያ መንገድ፣ ከዚያ ተከዜ፣ ከዚያ ጥርት ካለ የታኅሣሥ ሰማይ የሚወርድ ካፊያ። ሐኪሙ ከፊልሙ እኩሌታ በፊት ባይታይ ቅር አይለንም፤ በዚያ ግንባር ለተቃጠለው ሰውም አልታየውምና።

እንደ ጃፓኖቹ በሥዕል ይሠራ የሚል ቢኖርም አንቃወምም። የጣና ገዳማት ሠዓሊዎች አንድ ሕግ ነበራቸው፤ ጻድቁን ፊቱን ወደ ተመልካቹ አዙረው ከሁለት ዐይኑ ጋር ይሥሉታል፤ ከሓዲውንና ጠላቱን ግን በጎን፣ በአንድ ዐይን ብቻ። በተከዜ ላይ የበረረውን አብራሪ እንዴት ይሥሉት ነበር ብለን ብዙ ጊዜ አስበናል። በጎንም ቢሆን ፊቱን ያየው ሰው የለም። እሱም ከታቹ ያለውን ፊት አላየም። የሒሮሺማውም እንደዚያው ነው። ይህ ለዑራው ሠዓሊ እጅግ አዲስ የሆነ ጠላት ነው፤ አንድም ዐይን የሌለው።

ፊልሙ የት ያልቃል ለሚለውም ሐሳብ አለን። ዶክተር ዡኖ ሰኔ 9 ቀን 1953 ዓ.ም. በጄኔቭ አረፉ። በዚያን ጊዜ ፈረንሳይ በሰሐራ በረሃ የኑክሌር ቦምብ መሞከር ጀምራ፣ አፍሪካ ስለዚህ ነገር በቁጣ ትናገር ነበር። ሐኪሙ ካረፉ አምስት ወር ያኽል እንደ ቆየ፣ ኅዳር 15 ቀን 1954 ዓ.ም. በኒው ዮርክ በተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ፊት አንድ የውሳኔ ሐሳብ ቀረበ፤ ቁጥሩ 1653 ነው። በኑክሌር መሣሪያ መጠቀም የተባበሩት መንግሥታትን ቻርተር የሚጻረርና በሰው ልጅ ላይ የሚፈጸም ወንጀል መሆኑን ያውጃል። በመግቢያውም አስቀድሞ የተከለከሉትን ጨካኝ መሣሪያዎች ሲዘረዝር፣ የ1917ቱን የጄኔቭ የመርዝ ጋዝ ስምምነት በስም ይጠራል። ይህን ሐሳብ ከሌሎች የአፍሪካና የእስያ መንግሥታት ጋር ሆና፣ በግንባር ቀደምትነት ያቀረበችው ኢትዮጵያ ነበረች። በዚያው ዕለት አፍሪካ ከኑክሌር መሣሪያ ነጻ የሆነ ክፍል ተደርጎ እንዲታይ የሚጠይቀው ሌላው ውሳኔ፣ ቁጥር 1652፣ አልፏል። ይኸውም ከብዙ ዘመን በኋላ እ.ኤ.አ. በ1996 በካይሮ ለፊርማ የቀረበውን፣ በ2009ም የጸናውን የፔሊንዳባን ውል አስከትሏል።

የተጻፈውን ውሳኔ በአማርኛ ስናስበው፣ ከኮረም ሜዳ ተነሥቶ ሃያ አምስት ዓመት በመንገድ የቆየው አቤቱታ ይመስለናል፤ በመጨረሻ ቁጥር አግኝቶ የተመራ። 55 መንግሥታት ደገፉት፤ 26ቱ ድምፅ ከመስጠት ተቆጠቡ፤ 20ው ተቃወሙት። ፊልም ሠሪው በዚህ ስፍራ ሙዚቃ እንዲያሰማ አንመክረውም። የመንግሥታቱን ስም በተራ እየጠራ ድምፃቸውን የሚመዘግብ የአንድ ጸሐፊ ድምፅ ይበቃል፤ ከተቃወሙት ከሃያዎቹ መካከልም የኢጣልያን ስም ሲደርስ፣ ጸሐፊው ድምፁን ሳይለውጥ ወደሚቀጥለው ይለፍ።